ኢንተርኔት በሌለበት ሊኑክስን ጠንቅቆ መማር፦ ለጀማሪዎች የቀረበ ገለጻ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በአቅራቢው የታረመ።)



ይህን ገለጻ እንዳዘጋጅ ያደረገኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ያቀረበልኝ ከዋግ ኽምራ፣ ከሰሃላ የመጣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ቢሮዬ መጥቶ «መምህር፣ በዚህ ክረምት ሊኑክስን ለመማር አስቤአለሁ፤ አገሬ ስገባ ግን ኢንተርኔት እንደ ልብ አላገኝም። ያለ ኢንተርኔት መማር ይቻላል?» አለኝ። እኔም ሳላስብበት «ሰቆጣ በወጣህ ቁጥር ቪዲዮ እያወረድህ ተመልከት» ብዬ አሰናበትሁት። አመስግኖኝ ወጣ።

ያ ክረምት የ2015 ዓ.ም. ክረምት ነበር። በሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለሳምንት ሳይሆን ለብዙ ወራት ዘለቀ። ምክሬ ለሰሃላው ተማሪ ቀርቶ በከተማ ለተቀመጥሁት ለእኔም የማይሠራ ሆነ። ተማሪው ሲመለስ ግን አንድ ደብተር ይዞ መጣ። ደብተሩን አስፈቅጄ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ዛሬ ከምነግራችሁ አብዛኛው እኔ ያስተማርሁት ሳይሆን ከዚያ ደብተር የተማርሁት ነው።

የምከራከርለት ነገር አጭር ነው። ሊኑክስን ጠንቅቆ ለማወቅ የሚያስፈልገው ትምህርት አብዛኛው አስቀድሞ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጀማሪውን ወደ ኋላ የሚያስቀረው በአመዛኙ ያንን ጽሑፍ የማንበብ ልማድ አለመኖሩ ነው። ይህን ስል የኔትወርክን መቋረጥ ቀላል ነገር እያደረግሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ዋግ ኽምራ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜም ስልክ፣ መብራትና ባንክ የተቋረጠበት አካባቢ ነው። ከዚያ ለሚመጣ ተማሪ ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም።

ለአዲሶቹ ተማሪዎች ስል ስለ ሥርዓቱ ጥቂት ልበል። ሥርዓተ ክወና፣ ብዙዎቻችን ኦፕሬቲንግ ሲስተም የምንለው፣ በማሽኑና በምንገለገልባቸው ፕሮግራሞች መካከል ሆኖ ሜሞሪውን፣ ዲስኩን፣ ስክሪኑንና ኪቦርዱን የሚያስተዳድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ሰው ሊያነብበው፣ ሊለውጠውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ሙሉ ሥርዓት ለመሥራት መነሣቱን አስታወቀ፤ ሥራውንም ግኑ ብሎ ሰየመው። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሥርዓቱን አስኳል፣ ከርነል የምንለውን፣ ጽፎ ለሕዝብ አቀረበ። የሁለቱን ጥምረት ዛሬ በአጭሩ ሊኑክስ እንለዋለን። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ወዲህ በዓለም እጅግ ፈጣን ተብለው የሚመዘገቡት 500 ኮምፒውተሮች ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። የአንድሮይድ ስልክም ከርነሉ ሊኑክስ ነው። ስለዚህ «ሊኑክስ ነክቼ አላውቅም» የሚለኝ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ይህን የሚለኝ ሊኑክስን በኪሱ ይዞ ነው።

የሥርዓቱ ፈቃድ፣ ማለትም የአጠቃቀም ውሉ፣ ለእንደኛ አገር ተማሪ ልዩ ትርጉም አለው። በአገራችን ፕሮግራም ከሰው ፍላሽ መገልበጥ የተለመደ ነው፤ አብዛኛው ግን ባለቤቱ ያልፈቀደው ቅጂ ነው። የሊኑክስ ፈቃድ መገልበጥን ይፈቅዳል ብቻ ሳይሆን የተቀበለው ሰው ለሌላው እንዲያስተላልፍ መብቱን ይጠብቅለታል። አንድ ተማሪ ከባሕር ዳር ሙሉውን ሥርዓት በዲስክ ጭኖ ሰቆጣ ቢያደርሰው፣ ከሰቆጣ ደግሞ ሌላው ገልብጦ ሰሃላ ቢያደርሰው ሁሉም በመብታቸው ተጠቀሙ እንጂ ማንም አልሰረቀም። በዕድሜ የምትቀርቡኝ ባልደረቦች የኡቡንቱን ሲዲዎች ታስታውሳላችሁ። የኡቡንቱ አሳታሚ ካኖኒካል እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀው ሁሉ ሲዲ ያለ ክፍያ በፖስታ ይልክ ነበር። ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ከዚያ የተሻለ ማዳረሻ አላየሁም። አሁን ያ አገልግሎት የለም፤ ፖስተኛው እናንተ ናችሁ።

ወደ አገር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት

ከግቢ ሳትወጡ፣ ኔትወርክ ሳለ፣ አንድ ቀን ለዝግጅት ስጡ። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ዴቢያንን ነው። ባልደረቦቼ በዚህ ከእኔ ጋር ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ኡቡንቱም ሆነ ሚንት ጥሩ ናቸው። ዴቢያንን የምመርጠው በአንድ ምክንያት ነው፤ ሙሉውን የፓኬጅ ክምችት በዲቪዲ ምስሎች መልክ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የወጣው 12ኛው እትም ከ64 ሺህ በላይ ፓኬጆች ነበሩት። ሁሉም አያስፈልጓችሁም፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምስሎች በውጭ ዲስክ ላይ ካሉ ለክረምት ይበቃሉ። አፕት የተባለው የፓኬጅ አስተዳዳሪም ከኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን ከእነዚህ ምስሎች ላይ መጫን ይችላል። «ዴቢያን ሃንድቡክ» እና «ዴቢያን ሪፈረንስ» የተባሉት መጻሕፍት ራሳቸው እንደ ፓኬጅ የሚጫኑ ናቸው፤ አትርሷቸው። ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የተዘጋጁት የማኑዋል ገጾችም እንዲሁ በተለየ ፓኬጅ ስለሚመጡ አስቀድማችሁ ጫኗቸው።

ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ፋይል ይበላሻል። ከምስሉ ጋር የሚወጣ የማረጋገጫ ቁጥር አለ፤ የእናንተን ቅጂ ቁጥር አስልታችሁ ከዚያ ጋር አስተያዩ። አንድ አኃዝ እንኳ ከተለየ ቅጂው ዋጋ የለውም። ይህን አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ያልሠራ ሰው ጉድለቱን የሚያገኘው ሌላ ቅጂ በማያገኝበት ቦታ ነው።

ስለ መጫን አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ወጣት መምህር ሳለሁ፣ ሊኑክስን ከሌላ ሥርዓት ጎን ለጎን ለመጫን ስሞክር የመጫኛው ፕሮግራም ዲስኩን እንዴት እንደምከፋፍል ጠየቀኝ። ጥያቄውን በግማሽ ዓይን አንብቤ «ሙሉውን ዲስክ ተጠቀም» የሚለውን መረጥሁ። ኮምፒውተሩ የጋራ ነበር። የአንድ ባልደረባዬ የመስክ ጥናት መረጃ በዚያ ዲስክ ላይ ነበረ፤ ሌላ ቅጂም አልነበረውም። የስድስት ወር ድካሙ በግማሽ ሰዓት ጠፋ። ሰውየው ይቅርታ አደረገልኝ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የመጫኛ ጥያቄ ጮክ ብዬ ሳላነብ አልመልስም። ስለዚህ በመጀመሪያ ያላችሁን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከተቻለ የምትጭኑበት ማሽን ማንም የማይፈልገው አሮጌ ላፕቶፕ ይሁን። ሊኑክስ ኤክስኤፍሲኢን በመሰለ ቀላል ገጽታ በአሮጌ ማሽንም ይሠራል። የሰሃላው ተማሪ የተማረበት ላፕቶፕ ባትሪው ያለቀ፣ መብራት ሲኖር ብቻ የሚነሣ ነበር።

«ማን» የሚባለው ትእዛዝ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣሁ። ትእዛዛቱን በሰሌዳው ላይ ጽፌአቸዋለሁ፤ ስናገር በድምፃቸው እጠራቸዋለሁ።

ጥቁሩን መስኮት፣ ተርሚናሉን፣ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምትማሩት ትእዛዝ «ማን» ይሁን። ማኑዋል ከሚለው ቃል ያጠረ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ግን ጥያቄ ሆኖ ይሰማል። ተማሪው ደብተሩ ላይ «ማን ያስተምረኛል?» ብሎ ርእስ ሰጥቶ ከሥሩ «ማን» ብሎ መልሶታል። ቀልዱ የእርሱ ነው።

የዩኒክስ የመጀመሪያ ማኑዋል የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1971 በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው መግለጫውንም ይጻፍ፣ መግለጫውም ከፕሮግራሙ ጋር ይሂድ የሚለው ልማድ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ማኑዋሉ በስምንት ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ አንደኛው ተራ ትእዛዛትን፣ አምስተኛው የፋይል አጻጻፍን፣ ስምንተኛው የአስተዳዳሪ ሥራዎችን ይዟል። ጀማሪ ከእነዚህ ከሦስቱ አይወጣም። አንድ ስም በሁለት ክፍል ሊገኝ ስለሚችል የክፍሉን ቁጥር ከስሙ በፊት መጥቀስን ልመዱ።

የማኑዋል ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው የሚደርስበትን አውቃለሁ። ይደነግጣል። ገጹ ረጅም ነው፣ ምሳሌው ጥቂት ነው፣ ከገጹ እንዴት እንደሚወጣ እንኳ አያውቅም። መውጫው የ«ኪው» ቁልፍ ነው። ወደ ፊት ያዘነበለችውን መስመር ተጭናችሁ ቃል ብትጽፉ ቃሉን ይፈልግላችኋል። ከገጹ ራስ አጠገብ ያለው አጭር የአጠቃቀም መስመር ከሁሉ የላቀ ዋጋ አለው። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ቢቀር የሚቀር ነው፤ ሦስት ነጥብ የተከተለው ሊደጋገም ይችላል። ይህን ሁለት ነገር ያወቀ ተማሪ ማንኛውንም ገጽ ለማንበብ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

እንዴት ይነበብ? ከእናንተ መካከል የአብነት ትምህርት የቀመሳችሁ አላችሁ። ንባብ ቤት ውስጥ ያው አንድ ገጽ በመጀመሪያ በግእዝ ንባብ ፊደል በፊደል፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ይነበባል። ልጁ በመጀመሪያው ዙር ምሥጢሩን እንዲያውቅ ማንም አይጠብቅም። የማኑዋል ገጽም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ዙር ርእሶቹን ብቻ እያያችሁ እለፉ፤ ምን ምን እንዳለ እወቁ። በሁለተኛው ዙር አንድ አማራጭ መርጣችሁ በልምምድ ማውጫ ውስጥ ሞክሩት። ሦስተኛው ዙር ከሳምንታት በኋላ፣ ችግር ገጥሟችሁ ስትመለሱ፣ የሚደረገው ንባብ ነው፤ የሚገባውም ያን ጊዜ ነው። የፋይል ዝርዝር የሚያሳየው «ኤል ኤስ» ብቻ በደርዘን የሚቆጠሩ አማራጮች አሉት። እኔ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተጠቅሜበት የማውቃቸው ስድስት ሰባት ናቸው፤ ሌላውን ሲያስፈልገኝ አነበዋለሁ። አማራጮችን ማስሸምደድ የመምህራን በሽታ ነው፤ ፈተና ለማውጣት ይመቸናል።

የትእዛዙን ስም ለማታውቁት ሥራ «አፕሮፖስ» አለ። የምትፈልጉትን ነገር የሚገልጽ ቃል ትሰጡታላችሁ፤ ቃሉ ያለባቸውን ገጾች ይዘረዝርላችኋል። እዚህ ላይ እውነተኛው እንቅፋት ይገለጣል፤ ቃሉ እንግሊዝኛ መሆን አለበት። የኢንተርኔትን እጦት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ጀማሪውን የሚያዳክመው ይህ ነው። መድኃኒቱ ግን ከሚመስለው ይቀላል፤ የማኑዋል እንግሊዝኛ ሰፊ አይደለም፣ ጥቂት መቶ ቃላት እየተመላለሱ ይመጣሉ። የተማሪዬ ደብተር የኋላ ገጾች በሙሉ በሦስት ዓምድ የተሞሉ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓምድ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በሁለተኛው አማርኛው፣ በሦስተኛው ደግሞ በአንዳንዱ ቃል አንጻር ኽምጥኛው ተጽፏል። ሦስተኛውን ዓምድ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ደብተሩ ውስጥ ሁለት ቀን የወሰደ አንድ ችግር ተመዝግቧል። ከማውጫ ወደ ማውጫ የሚያሻግረው ትእዛዝ «ሲ ዲ» ነው። ተማሪው ማኑዋሉን ሲጠይቅ ስርዓቱ «እንዲህ ያለ ገጽ የለም» አለው። የማኑዋል ፓኬጁ የተበላሸ መስሎት ደግሞ ጫነው፤ አሁንም የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። «ሲ ዲ» ራሱን የቻለ ፕሮግራም አይደለም፤ ትእዛዛችንን የሚቀበለው ባሽ የተባለው ሼል የራሱ አካል ነው። የእንዲህ ያሉት መግለጫ የሚገኘው «ሄልፕ» በሚለው ትእዛዝ ነው። ተማሪው ይህን ያገኘው የባሽን ረጅም ማኑዋል ሲያገላብጥ ነው። በኢንተርኔት ቢሆን በአንድ ደቂቃ ያገኘው ነበር። በሁለት ቀን ስላገኘው ግን በሼልና በፕሮግራም መካከል ያለውን ልዩነት አወቀ። ይህን ልዩነት በአራተኛ ዓመት የማያውቁ ተማሪዎች አሉኝ። ችግር መልካም ነው ማለቴ አይደለም፤ ሁለት ቀን ብዙ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ የነገርኋችሁ።

በዚሁ አጋጣሚ ጀማሪን የሚያስደነግጥ ሌላ ነገር፦ በዴቢያን ተርሚናሉ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ የምትጽፉት ስክሪኑ ላይ አይታይም፤ ኮከብ እንኳ አይወጣም። ኪቦርዱ አልተበላሸም። ጽፋችሁ ኢንተርን ተጫኑ።

ከማኑዋሉ ሌላ እያንዳንዱ ፓኬጅ የራሱን መግለጫ የሚያኖርበት «ዶክ» የሚባል ማውጫ አለ፤ ምሳሌዎች ብዙ ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው። የስሕተት መልእክቶችንም ጽሑፍ ናቸውና አንብቧቸው። ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ «አልሠራ አለኝ» ሲል «ምን አለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው «አንድ ነገር ብሎ ነበር፤ ዘጋሁት» ይላል። ቀን፣ የጻፋችሁት ትእዛዝ፣ የመጣው መልእክት፣ ያደረጋችሁት፣ ውጤቱ፤ እነዚህን በወረቀት ደብተር መዝግቡ። ወረቀት ማለቴ ሆን ብዬ ነው፤ ማሽኑ እምቢ ሲል በማሽኑ ውስጥ ያለ ማስታወሻ አይነበብም።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። «አር ኤም» ፋይል ያጠፋል፤ በተርሚናል የጠፋ ፋይል ወደ ቅርጫት አይሄድም። «ሱዶ» ደግሞ የአስተዳዳሪውን ሥልጣን ያውሳችኋል። ሁለቱ ባንድ መስመር ሲገናኙ እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሥታችሁ መስመሩን ከመጀመሪያው አንብቡት።

በ2012 እ.ኤ.አ. በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ መጻፍና ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት ያለ አስተማሪ ታብሌት ተሰጥቷቸው፣ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው እንደከፈቱት በሰፊው ተዘግቦ ነበር። ታብሌቶቹ አንድሮይድ ነበሩ። ታሪኩን ልጆች አስተማሪ አያስፈልጋቸውም ለማለት የሚጠቅሱት ሰዎች አሉ። እኔ በከፊል ብቻ እቀበላለሁ። መነካካት የት የት በር እንዳለ ያሳያል፤ በሩ ለምን እንደተዘጋ የሚነግረው ጽሑፉ ነው። ድፍረትን ከእነዚያ ልጆች ውሰዱ፤ ንባቡን ግን አትተዉ።

ፊደላችንና ሦስተኛው ዓምድ

ሥርዓቱን የተጠቃሚ ያህል የሚያውቅ ሰው ጠንቅቆ አወቀ አይባልም። አንድ ጉድለት አይቶ መሙላት ሲችል ነው ያወቀው። የዚህ ቅርቡ ምሳሌያችን የራሳችን ፊደል ነው።

የግእዝ ፊደል በኮምፒውተር ላይ ለዓመታት አንድ ወጥ አቀማመጥ አልነበረውም። እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን፣ የግእዝን ፊደል በላቲን ፊደላት የመወከያ ሥርዓት አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን ቋሚ ስፍራ ሰጠው። ዛሬ በሊኑክስ አማርኛ ለመጻፍ አይባስ የተባለው የመጻፊያ አስተዳዳሪና የሴራ ዘዴ ይበቃሉ፤ አቢሲኒካ የተባለው ፎንትም በነፃ ይገኛል። እነዚህንም ከመሄዳችሁ በፊት በዲስካችሁ ያዙ።

ከዚህ በታች፣ ማንም የማያየው አንድ ፋይል አለ። ሎካል ይባላል። የአንድን ቋንቋና አገር ልማድ ለሥርዓቱ የሚነግር ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፦ የሳምንቱ ቀናት ስም፣ የወራት ስም፣ የገንዘብ ምልክት፣ የቁጥር አጻጻፍ፣ የስልክ መለያ። ጂሊብሲ በተባለው የሥርዓቱ መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለኢትዮጵያ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ፣ የሶማልኛ፣ የአፋርኛ፣ የሲዳምኛ፣ የወላይትኛና የግእዝ ሎካሎች አሉ። ብዙዎቹን ያበረከተው የዳንኤል ያዕቆብ ግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው። ለኤርትራ ደግሞ ከሌሎች ጋር የብሌን ሎካል አለ። ብሌን የአገው ቋንቋ ነው፤ የኽምጥኛ ዘመድ ማለት ነው። ተማሪዬ የሎካሎቹን ማውጫ በኤል ኤስ ዘርዝሮ የብሌንን አገኘ። የራሱን ቋንቋ፣ በሥነ ልሳን መጻሕፍት ኽምጣንጋ የሚባለውን፣ ፈለገ፤ አልነበረም። አዊኛም አልነበረም። ደብተሩ ላይ በዚያ ቀን የተጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ «የብሌን አለ። የእኛ የለም።»

ፊደል ችግር አይደለም። እንደ ጘ ያሉት፣ አማርኛ የማይጠቀምባቸው የአገው ቋንቋዎች ፊደላት በዩኒኮድ ውስጥ ስፍራ አላቸው። ቋንቋውም በዓለም አቀፉ የቋንቋዎች መለያ ዝርዝር የራሱ ባለ ሦስት ፊደል ኮድ አለው። የጎደለው ፋይሉን የሚጽፍ ሰው ነው። ቴክኒኩ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ የአማርኛውን ፋይል ትገለብጣላችሁ፣ ስሞቹን ትተካላችሁ፣ «ሎካልዴፍ» በተባለው ትእዛዝ ታዋቅሩታላችሁ፣ ቀን የሚያሳየውን ትእዛዝ በአዲሱ ቋንቋ ትሞክራላችሁ። አሠራሩ በማኑዋሉ አምስተኛ ክፍል ተጽፏል።

ከባዱ ሌላ ነው። ተማሪው የወራቱን ስም ሲያስገባ፣ በመጀመሪያ በአማርኛው ፋይል ላይ ተቆጣ፤ ፋይሉ ጥር፣ የካቲት እንደማለት የፈረንጁን ወራት ስም በፊደላችን ጽፎ አገኘው። «ያላወቁ ሰዎች የሠሩት» ብሎ ጽፏል። ከሦስት ቀን በኋላ መስመሩን ሰርዞታል። ምክንያቱም ሥርዓቱ ለፋይሉ የሚሰጠው የጎርጎርዮስ ወር ነው። በጃንዋሪ ስፍራ ጥር ብላችሁ ብትጽፉ ቀኑ ስምንት ቀን ያህል የተዛነፈ ይሆናል፤ ሐሰተኛ ቀን ይወጣል። ፋይሉን የሠሩት ሰዎች አውቀው ነው የሠሩት። የግእዙ ፋይል ደግሞ ለእነዚያው ወራት ጠሐረ፣ ከተተ፣ መገበ የሚሉ የተለዩ ስሞችን ይዟል። ለኽምጥኛ የትኛው መንገድ ይሻላል? ይህ የኮምፒውተር ሳይንስ ጥያቄ አይደለም፤ እዚህ አዳራሽ ያለን ዶክተሮች ልንመልሰው አንችልም። መልሱ ያለው በዋግ የቋንቋው መምህራንና ሽማግሌዎች ዘንድ ነው፤ እነርሱን ጠይቆ ፋይሉን ሊጽፍ የሚችለውም ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለ ተቃውሞዎች በአጭሩ። ወላጆች «ቢሮ የሚፈልገው ዊንዶውስ ነው» ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ የአብዛኛው መሥሪያ ቤት ሰነድ በዚያ ነው የሚሠራው፣ በሊብሬኦፊስ ሲከፈትም ቅርጹ አንዳንዴ ይዛባል። ሁለቱንም እወቁ። ባልደረቦቼ ደግሞ «አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይመልስልናል፤ ማኑዋል ማን ያነባል?» ይላሉ። ኔትወርክ ሲኖር ይመልሳል፤ ትክክል መለሰ አልመለሰም የምትፈርዱት ግን ማኑዋሉን ከፍታችሁ ነው።

ተማሪው አሁን አራተኛ ዓመት ነው፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል፣ ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል። ፋይሉ አላለቀም። የሳምንቱን ቀናት ስም ለሁለት ሰዎች አንብቦላቸው በሁለቱ ቀናት አጻጻፍ አልተስማሙም፤ ለሦስተኛ ሰው ሊያሳይ በፋሲካ አገሩ ይገባል። በተርሚናሉ ላይ ቀኑን በኽምጥኛ የሚያሳየውን የሙከራ ቅጂ ግን ዛሬ በላፕቶፑ ይዞ መጥቷል፤ ማየት የምትፈልጉ ከገለጻው በኋላ እርሱን ጠይቁት። የዴቢያን ምስሎች ያሉባቸው ሦስት የውጭ ዲስኮች በቢሮዬ አሉ፤ የማረጋገጫ ቁጥራቸው በላያቸው ላይ ተለጥፏል። መገልበጥ የምትፈልጉ ከሰኞ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ኑ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።